የመጀመሪያው የትኛው ነው?

እሑድ የሚለው ስም አሐዱ ከሚለው የግእዝ ቁጥር የወጣ በመሆኑ ትርጓሜው አንደኛ፣ የመጀመሪያ ማለት ነው። ከእሑድ በፊት ያለው ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜም ቀዳሚት ከሚለው ቃል የመጣ ስለ ሆነ ትርጓሜው ፊተኛይቱ፣ የመጀመሪያይቱ ማለት ነው። እንግዲህ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ቀኖች እያንዳንዳቸው ‹‹የመጀመሪያው እኔ ነኝ›› የሚሉ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዳቸውም አልዋሹም። እሑድ የመጀመሪያ የሆነው በቁጥር ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሰኑይ ማለት ሁለተኛ የሆነው ሰኞ፣ ኋላም አራተኛው ረቡዕና አምስተኛው ሐሙስ ይከተላሉ። ቅዳሜ የመጀመሪያ የተባለችው በሰንበትነት ነው። በብሉይ ኪዳን የታዘዘችው ሰንበት እርስዋ በመሆንዋ፣ የእሑድ ሰንበት ከመጣ በኋላ ፊተኛይቱን ከኋለኛይቱ ለመለየት ቀዳሚት ሰንበት ተባለች።

የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ነገር ላይ ጥቂት ለማሳሰብ የተዘጋጀ ነው። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ሲማሩ ‹‹ፈርስት››፣ ‹‹ኦሪጂናል››፣ ‹‹ፕሪሚቲቭ››፣ ‹‹ፕሪስቲን››፣ ‹‹አቦሪጂናል›› የሚሉትን ቃላት ያገኛሉ። መዝገበ ቃላት ሲገልጡም ብዙውን ጊዜ ለሁሉም ‹‹የመጀመሪያ›› ወይም ‹‹ጥንታዊ›› የሚል መልስ ይጠብቃቸዋል። በየመሥሪያ ቤቱ የተመደቡት ወጣት ሠራተኞችም ደብዳቤና ዘገባ ሲያዘጋጁ ‹‹ነባር››፣ ‹‹ቀዳሚ››፣ ‹‹ዋና››፣ ‹‹አንጋፋ›› እያሉ አንዱን በሌላው ቦታ ይተካሉ። ነገሩ የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን በተውነው ነበር። ነገር ግን በአገራችን ‹‹የመጀመሪያው ማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ለአንዱ መሬት ያስገኘ፣ ለሌላው ያሳጣ፣ አንዱን ሊቅ ያስባለ፣ ሌላውን ወደ ትምህርቱ የመለሰ ጥያቄ ነው። ለዚህም ምስክር ይሆኑን ዘንድ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ የሚገኙትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መርጠናል። የርስቱ ሙግትም፣ የድጓው ትምህርትም፣ የተራራው ምንጭም በእነዚህ አገሮች ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ቃላቱን በመጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ ሆነው እናያቸዋለን።

የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ዘር

በቅድሚያ የእንግሊዝኛዎቹን ዘር እንመርምር። ‹‹ፈርስት›› የሚለው ቃል የእንግሊዝኛ የራሱ ልጅ ነው፤ ትርጓሜውም ከሁሉ ይልቅ በፊት ያለ ማለት ነው። በጀርመንኛ ዘመዱ የሆነው ‹‹ፉርስት›› መስፍን ማለት ሆኖ ቀርቷል። ‹‹ፕሪሚቲቭ›› እና ‹‹ፕራይመሪ›› የመጡት አንደኛ ማለት ከሆነው ‹‹ፕሪሙስ›› ከሚባለው የላቲን ቃል ነው። ‹‹ፕሪስቲን›› ደግሞ በላቲን የቀድሞ፣ የድሮ ማለት ነበር። ዛሬ እንግሊዞች ንጹሕ፣ ሰው ያልነካው፣ ያልተበላሸ ለማለት ይናገሩበታል። የቀድሞው ሁሉ ንጹሕ ነበር የሚል አሳብ በቃሉ ውስጥ ገብቶበት ትርጓሜውን ለወጠው ማለት ነው።

‹‹ኦሪጂናል›› የሚለው ከሁሉም ይልቅ ያስደንቃል። የመጣው ወጣ፣ ተነሣ፣ በተለይም ፀሐይ ወጣች ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ‹‹ኦሪየንት›› ማለትም ምሥራቅ የሚለው ቃል የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። የእኛም ቋንቋ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ምሥራቅ የሚለው ቃል የተገኘው ወጣ፣ በራ ከሚለው ሠረቀ ከሚባለው የግእዝ ግሥ በመሆኑ ‹‹ምሥራቅ እስቴ›› ስንል የፀሐይ መውጫ በሆነው በኩል ያለው እስቴ ማለታችን ነው። የላቲኑን ቃል በአማርኛ እንተርጉመው ብንል ከ‹‹መነሻ›› የቀረበ አናገኝለትም። ‹‹አቦሪጂናል›› የሚለውም ከዚሁ ወጥቶ ከመነሻው ጀምሮ የነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ‹‹ኦሪጂናል›› በረጅም ዕድሜው ሁለት ፊት አወጣ። በቀድሞው አነጋገር ከመነሻ ጀምሮ የነበረ ማለት ሲሆን፣ በሃይማኖት ትምህርት እኛ ጥንተ አብሶ የምንለው የአዳም በደል በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ አዲስ፣ ከራስ የፈለቀ ማለትም ሆነ። በዚህም ምክንያት አንዱ ቃል ከሁሉ አሮጌ የሆነውንም ከሁሉ አዲስ የሆነውንም ይጠራል። በእኛ ገበያ ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም አግኝቶ፣ ‹‹ኦሪጅናል ጫማ›› ሲባል ያልተመሳሰለ፣ ፎርጅድ ያልሆነ ማለት ነው። ጫማው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም ‹‹ኦሪጅናል›› ነው።

ያለፈው ዘመን በፊታችን ነው

ወደ አማርኛችን ስንመለስ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። በአማርኛ ያለፈው ዘመን የሚገኘው በፊት ነው። ‹‹ከዚህ በፊት›› ስንል ስላለፈው፣ ‹‹ከዚህ በኋላ›› ስንል ስለሚመጣው መናገራችን ነው። የፊት ወዳጅ የምንለውም የቀድሞውን ወዳጅ ነው። አባቶች ቀድመው ሄደዋልና ከፊታችን ናቸው፤ እኛ በኋላቸው እንከተላለን፤ ልጆቻችን ደግሞ ከኋላችን ይመጣሉ። በመንገድ ተሰልፎ እንደሚሄድ ሕዝብ ነው። ቀዳሚ፣ ቀደምት፣ ቀዳማዊ፣ መቅድም የተባሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ የመቅደም አሳብ ይወጣሉ። በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት የሚከፈትበት ቃል ‹‹በቀዳሚ›› የሚል ሲሆን የአማርኛው ተርጓሚዎች ‹‹በመጀመሪያ›› ብለውታል።

ቀዳማዊ የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ የጊዜን ቅድሚያ አያመለክትም። ከንጉሥ ስም ጋር ሲገባ በዚያ ስም ከነገሡት አንደኛው ማለት ነው። ‹‹ቀዳማዊት እመቤት›› ሲባል ደግሞ በዘመን ከሴቶች ሁሉ የቀደመች ማለት ሳይሆን በክብር የምትቀድም ማለት ነው። እንግሊዞቹም በዚህ ስፍራ ‹‹ፈርስት›› ማለታቸው ሁለቱ ቋንቋዎች የክብርን ቅድሚያ ከጊዜ ቅድሚያ ጋር በአንድ ቃል ማሰራቸውን ያሳያል።

መጀመሪያ የሚለው ቃል አሠራሩ ቀላል ነው። ወጣ ከሚለው መውጫ፣ ተነሣ ከሚለው መነሻ እንደሚወጣ፣ ጀመረ ከሚለው መጀመሪያ ይወጣል። የላይ ጋይንቱ ከተማ ስም ነፋስ መውጫ ለዚህ ሰዋስው የተሠራ ምሳሌ ይመስላል። መጀመሪያ ማለት አንድ ሥራ የሚጀመርበት ቦታ ወይም ጊዜ ነው። በመጀመሪያና በምንጭ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ወደ ጉና ተራራ እንመልከት። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ርብና ጉማራ ለተባሉት ወንዞች መነሻ ነው፤ ሁለቱም ወደ ጣና ይገባሉ። ርብ ከጉና ይነሣል ብንል የጉዞውን መጀመሪያ መንገራችን ነው። ምንጭ ግን ዛሬም የሚመነጨው ነው። መነሻን ትቶት የሚሄዱ ሲሆን ምንጭ የደረቀ ዕለት ወንዙ ይደርቃል። ስለዚህ ‹‹የወሬው መነሻ›› እና ‹‹የወሬው ምንጭ›› አንድ አይደሉም። መነሻው ወሬው የተጀመረበት ምክንያት ሲሆን ምንጩ የተናገረው ሰው ነው።

በኩርና አንጋፋ ደግሞ የልደት ቃላት ናቸው። በኩር ማኅፀን የከፈተ፣ በመጀመሪያ የተወለደ ልጅ ሲሆን፣ የአዝመራው መጀመሪያ በኩራት ይባላል፤ መብቱም ብኵርና ነው። የአማራ ክልል ጋዜጣ ‹‹በኩር›› ተብሎ መሰየሙም በዚሁ መንፈስ ነው። አንጋፋ የሚለውን ቃል አማርኛና ኦሮምኛ በጋራ ይይዙታል፤ በኦሮምኛ ‹‹አንገፋ›› የበኩር ልጅ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ‹‹አንጋፋው የትምህርት ተቋም›› ስንል ታናናሾች አሉት፣ እነርሱም ያከብሩታል ማለታችን ነው። ታናሽ የሌለውን ብቸኛ መሥሪያ ቤት አንጋፋ ማለት ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አገር ያቀና ሰው

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ደርሰናል። በበጌምድርና በጎጃም የርስት ሥርዓት ውስጥ መሬት የሚጠራው በአቅኚው አባት ስም ነበር። አቅኚ ማለት አገር ያቀና፣ ጫካውን መንጥሮ መሬቱን ለእርሻ ያበቃ ሰው ነው። ከአቅኚው የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል ዘሩን ቆጥሮ ከአቅኚው ካደረሰ፣ ከዚያ መሬት ድርሻ ለመጠየቅ መብት ነበረው። የአንድ ሰው ዘር በአባትም በእናትም በኩል ወደ ብዙ አባቶች ስለሚወጣ አንድ ገበሬ በብዙ ስፍራ ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንድ መሬት ላይም ብዙ ጠያቂ ይነሣል። ሙግቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት፣ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌም እንደ ጠበቃ የሚፈለግበት ምክንያት ይኸው ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳል የሚለው አነጋገር ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው።

በዚህ ሙግት ውስጥ ‹‹የመጀመሪያው›› የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ልብ ማለት ይገባል። አቀና የሚለው ግሥ የጎበጠውን ማስተካከል ማለት ነው። ስለዚህ አቅኚ ሲባል ከእርሱ በፊት የነበረው ነገር እንደ ጎባጣ ይቆጠራል። ከአቅኚው አስቀድሞ በዚያ ስፍራ ከብት ያሰማራ ወይም ጎጆ የቀለሰ ሰው ኖሮ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ለእርሱ ቦታ የለውም። አቅኚ በጊዜ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ቃሉ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ከእርሱ መቁጠር መጀመራችንን ነው። ‹‹ነባር›› የሚለው ቃል ደግሞ በሌላ በኩል ይቆማል። ነበረ ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠም፣ ኖረም ማለት ነው። ነባር መብቱን የሚያገኘው በመኖሩ፣ አቅኚ መብቱን የሚያገኘው በሥራው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ጸሐፊ ሳያውቀው ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የቆመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ባለርስት የነበረው ገበሬም ባለይዞታ ተባለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ አዲስ የቃል ጥንቃቄ መጣ። ‹‹የአንደኛ ደረጃ›› ማረጋገጫ የሚባለው ቀድሞ የተሰጠው ሲሆን፣ ‹‹የሁለተኛ ደረጃ›› የሚባለው ግን የማሳው ልክና ካርታ ያለበት፣ ይበልጥ የተጣራው ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ አንደኛው ከሁለተኛው አይበልጥም። ሰው በገበያ ‹‹አንደኛ ነው!›› ሲል ከሁሉ የላቀ ማለቱ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ‹‹ሁለተኛ ደረጃ›› የተባለውን ሲሰማ ዝቅተኛ መስሎት ቅር ቢለው አያስገርምም። ልዩነቱን ማስረዳት የወጣቱ ባለሙያ ፋንታ ነው።

ስለ እርሻ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ‹‹ፕሪሚቲቭ›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመነሻው ክብር ያለው ነበር፤ ከዓይነቱ ሁሉ የመጀመሪያው ማለት ነው። የሐዋርያት ዘመን ቤተ ክርስቲያን በአክብሮት የምትጠራው በዚሁ ቃል ነበር። በኋላ ግን ያልሠለጠነ የሚል ንቀት ገባበት። እኛም ስንተረጉመው ‹‹ኋላ ቀር›› አልነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የፊተኛ የነበረው በአማርኛ ከኋላ ተገኘ። ብዙ ዘገባዎች የስማዳንና የጋይንትን ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ‹‹ኋላ ቀር የእርሻ መሣሪያ›› ብለው ያልፉታል። መሣሪያው መሻሻል እንደሚያስፈልገው አንክድም። ነገር ግን አንድን ሥራ በፊት ሆኖ የሚጀምረውን ሰው ‹‹ፈር ቀዳጅ›› የምንለው ከዚሁ ማረሻ ተምረን ነው። ፈር ማለት ማረሻ የሚከፍተው መስመር ሲሆን፣ ፈር ቀዳጅ ማለት በመሬቱ ላይ የመጀመሪያውን መስመር የሚያወጣ ማለት ነው። እንግሊዞች ‹‹ፓዮኒር›› የሚሉት ከሠራዊት ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ጦሩ ከመድረሱ በፊት መንገድ የሚጠርገው እግረኛ ማለት ነበር። እነርሱ ቃላቸውን ከጦር ሜዳ ወሰዱ፤ እኛ ከማሳ። ኋላ ቀር ያልነው መሣሪያ ለቀዳሚነት ስም አውጥቶልናል።

ዋናውና ቅጂው

የመጨረሻው የቃል ጥንድ ዋናና ቅጂ ነው። ቅጂ የሚለው ቃል ቀዳ ከሚለው የወጣ ነው፤ ውኃ እንደሚቀዳ መጽሐፍም ይቀዳል። ስለዚህ በአማርኛ ዋናው ጽሑፍ እንደ ምንጭ፣ ቅጂው እንደ እንስራ ነው። በጽሕፈት ቤት የምንሠራበት ግልባጭ ደግሞ ገለበጠ ከሚለው ይወጣል። ዋናውስ ዋና የሚሆነው በምንድን ነው? በዕድሜው ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ከጋይንት የተሻለ መልስ የሚሰጥ ስፍራ ጥቂት ነው። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው ድጓ የሚዜምባቸው ስልቶች ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባሉ በስፍራ ስም ይጠራሉ። ቤተ ልሔም በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስ በእስቴ ይገኛሉ። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ነው። በየአገሩ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ለመባል ወደ ቤተ ልሔም ይወርድ ነበር። በዚያም ድጓውን ከነምልክቱ በእጁ ጽፎ፣ በመምህሩ ፊት እያዜመ፣ የተሳሳተው እየታረመለት ያስመሰክራል። ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

እስቲ የትኛው ‹‹ኦሪጂናል›› እንደ ሆነ እንጠይቅ። ያሬድ የነበረው በ6ኛው መቶ ዘመን ነው። ዜማው በጽሑፍ ላይ የሚታይበትን ምልክት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ተማሪው የጻፈው ብራና ደግሞ ገና ቀለሙ አልደረቀም። በዕድሜ ከሄድን የተማሪው መጽሐፍ ከሁሉ የኋለኛ ነው። ነገር ግን በቤተ ልሔም ከታረመ በኋላ ሌላው ሁሉ በእርሱ ይታረማል። በሌላ ስፍራ ያለ ዕድሜ ጠገብ ብራና ስሕተት ከተገኘበት አሮጌነቱ አያድነውም። ከዚህ የምንማረው፣ ዋና የሚባለው ሌላው የሚታረምበት መሆኑን ነው። በመሥሪያ ቤትም ዋናው ደብዳቤ ከግልባጩ የሚለየው ፊርማና ማኅተም ኃላፊነቱን ስለ ተሸከሙለት ነው፤ በማተሚያው መኪና ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ወጥተው ይሆናል።

ስለ ቤተ ልሔም ሌላም የሚነገር አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ወጣቱ ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም ወደዚያ ዘልቆ፣ በውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን ያለው በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ መኖሩን አየ። በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለዓለም አስታወቀ፤ የውጭ ሊቃውንትም ‹‹አዲስ የተገኘ›› ጥንታዊ ሕንፃ አድርገው ተቀበሉት። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ‹‹ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ›› የሚለውን ቃል ስንሰማ ‹‹ለማን?›› ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከትግራይም ለድጓ ትምህርት በእግሩ የተጓዘ ደብተራ ሁሉ ያንን ስፍራ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ለጻፈውና ላነበበው የመጀመሪያ የሆነው፣ በዚያ ለሚያዜመው የዕለት ቤቱ ነበር።

ከዚሁ ጋር ‹‹አሮጌ›› እና ‹‹ጥንታዊ›› የተባሉትን እንለይ። ሁለቱም ዕድሜ ይናገራሉ። አሮጌ ግን ያለቀ፣ የሚጣል ሲሆን ጥንታዊ የሚጠበቅ ነው። ንብረት ሊቆጥር ወደ አንድ ደብር የሄደ ወጣት ሠራተኛ በዝርዝሩ ላይ ‹‹አሮጌ መጽሐፍ 1›› ብሎ ቢጽፍና ‹‹ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ 1›› ብሎ ቢጽፍ በዚያ መጽሐፍ ላይ የሚደርሰው ነገር አንድ አይሆንም። የመጀመሪያው ለእሳት፣ ሁለተኛው ለሣጥን ያበቃዋል።

እንግዲህ ለወጣት አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ‹‹የመጀመሪያ›› የሚለው ቃል ከብዕራችሁ ሊወጣ ሲል ‹‹በምን?›› ብላችሁ ጠይቁ። በጊዜ ከሆነ ቀዳሚ ወይም ጥንታዊ፣ በልደት ከሆነ በኩር ወይም አንጋፋ፣ በኑሮ ከሆነ ነባር፣ በሥራ ከሆነ አቅኚ ወይም ፈር ቀዳጅ፣ በማፍለቅ ከሆነ ምንጭ፣ በሥልጣን ከሆነ ዋና በሉ። እንግሊዝኛ ስትተረጉሙም ቃሉ ከነዚህ በየትኛው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሳታዩ ብዕር አታንሡ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አባቶች በአንድ ቃል ልዩነት የተነሣ ዕድሜያቸውን በሙግት ፈጅተዋል፤ ሊቃውንቱም በአንድ ምልክት ልዩነት የተነሣ ዓመታት ተምረዋል። ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት አንዲት ቃል ለመመርመር አንድ ደቂቃ መስጠት ለእኛ አይበዛብንም።